ሳይወጣ የቀረው ብረት

አቶ ሽብሩ የሞቱት በሰው ቤት፣ በሰው ሰሌን ላይ፣ ሆዳቸውን ቅቤ እንደተቀቡ ነው። ኢንስፔክተር ዘነቡ ከዲላ ተነስታ ወናጎ ስትደርስ የወጌሻዋ የወይዘሮ መሰለች ግቢ በሰው ተሞልቶ፣ ከእንሰቱ ጀርባ የቆሙ ጎረምሶች ድንጋይ መልቀም ጀምረው ነበር። የቤቱ ጣሪያም ከወዲሁ ተጎድጉዷል። ዘነቡ ማንንም አልለመነችም። ፊት ለፊት የቆመውን ጎረምሳ ክንዱን ጠምዝዛ የፖሊስ መኪናው ጎማ ሥር አስቀመጠችው። የቀሩት ድንጋዩን ለቀው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ገብታ አስከሬኑን አየችው። ሟቹ በዲላ ገበያ የታወቁ ሰው ናቸው፤ አሪቻ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አላቸው፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ከሳቸው ጋር ወግ የያዘ ሁሉ ይጮሃል። ሰውነታቸው ላይ ቁስልም ብልዝም አልነበረም። ሆዳቸው ግን ተነፍቶ ጠንክሯል፤ ፊታቸውም ደም ያልዞረበት ይመስል ገርጥቷል። በቀኝ ጭናቸው ላይ ከዳሌ እስከ ጉልበት የወረደ የድሮ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። ዘነቡ ጠባሳውንም ልብ አለችው። ልብ የማትለው ነገር የለም፤ ባልደረቦቿ የሚጠሏትም በከፊል ለዚሁ ነው።

መሰለች ጥግ ላይ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቅቤው ከእጇ ላይ አልደረቀም። አታለቅስም፣ አትለምንም፤ ዘነቡን ያየቻት ቤቷን ሊያፈርስ እንደመጣ ሰው ነበር።

«ምን አደረጓቸው?» አለች ዘነቡ።

«ምን አደርገዋለሁ፣ አሸሁት። ጀርባዬንና ሆዴን ያዘኝ ብሎ መጣ፤ አሸሁት።»

ዘነቡ ወጌሻ አትወድም። ልጅ ሆና ገደብ ከተማ ከዛፍ ወድቃ የሰበረችውን የግራ ክንዷን ወጌሻ ጠግኖላት ክርኗ እስከ ዛሬ ቀጥ አይልም። ሴትዮዋን «እርስዎ» ማለቷም ከአክብሮት አልነበረም፤ አትቅረቢኝ ማለቷ ነበር።

«ሲያሹዋቸው ምንም አልታወቀዎትም?»

«ከእምብርቱ ከፍ ብሎ የሚመታ ነገር ነበር። ትር ትር የሚል። እጄን አነሳሁና ይሄ ለኔ አይሆንም አልኩት። እሱ ነው ተቆጥቶ ጫኝ ያለኝ። ሐኪሟ ራሷ ጠንከር ተደርጎ ይታሽ ብላለች አለ። ከዚያ ጫንኩ። ጫንኩና ጮኸ።»

«ሐኪሟ ለራሳቸው ነገረቻቸው?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ማን ነገረህ? አልኩት። ‹የሚወደኝ ሰው› አለኝ። ሌላ አልጨመረም።»

ዘነቡ አላመነቻትም። ላለማመኗ ምክንያቱ ክርኗ ይሁን የሴትዮዋ ኩራት፣ አልመረመረችውም። በሁለት ፖሊስ መሃል አድርጋ መኪና ውስጥ አስገባቻት። ሕዝቡ ሲያያት ጮኸ፤ መሰለችም በመስኮቱ በኩል በጌዴኦኛ የረገመችው እርግማን ለአስተርጓሚ የሚመች አልነበረም።

አስከሬኑ ተመርምሮ ሲያልቅ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም አንዲት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውስጧ ከአውራ ጣት የማይረዝም፣ ጨርቁ ተቀዶ አጽሙ የቀረ የአሻንጉሊት ጃንጥላ የሚመስል ብረት አለ።

«ይሄ ማጥለያ ነው» አላት። «ከእግር ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ሄዶ ሰው እንዳይገድል፣ ደም ከታች ወደ ልብ በሚመለስበት በትልቁ የደም ሥር ውስጥ ይቀመጣል። ደሙን ያሳልፋል፣ የረጋውን ይይዛል። የሚቀመጠው ለጊዜው ነው። አደጋው ሲያልፍ መውጣት አለበት።»

«ካልወጣስ?»

«አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይሆን ይኖራል። አንዳንዱ ላይ ራሱ ማጥለያው ይደፈናል። አንዳንዱ ላይ እግሩ ተሰብሮ ስባሪው እስከ ልብ ይሄዳል። እኚህ ሰውዬ ላይ አንደኛው እግር የደም ሥሩን ግድግዳ በስቶ ወጥቶ፣ አጠገቡ ያለውን ከልብ የሚወርደውን ትልቁን የደም ቧንቧ ተደግፎ ነበር። ከላይ በጉልበት ሲጫኑት ቀደደው። ደሙ በሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ነው።»

ዘነቡ ጠርሙሷን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘቻት። እግሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንደኛው ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ውጭ ተንጋዷል። ከሐኪሙ ተሰናብታ በቀጥታ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄደችና መሰለችን ስለ ብረቱ ጠየቀቻት። ወጌሻዋ እጇን አገላብጣ አየችው። ብረት ያለበትን ሆድ የምታሽ እብድ መስላ ትታይ እንደሆነ ጠየቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ዘነቡ አሁንም አልወደደቻትም፤ ግን አመነቻት።

ኮማንደር ወልደዮሐንስ ይህን ሁሉ ሲሰማ ተበሳጨ። የሟቹ ቤተሰብ ስልክ ያስጨንቀዋል፤ ወናጎ ላይ የወጌሻዋን ቤት ሊያቃጥሉ የሚዝቱ አሉ። «ሰው ይዘሻል፣ የገደለችበት እጇ ላይ ቅቤው ሳይደርቅ ነው የያዝሻት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ዘነቡ ገዳዩን እንደምትፈልግ ነገረችው። ከሠልስቱ በኋላ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ፣ መሰለችም ተከሳሽ ሆና እንደምትሄድ ቁርጡን ነግሯት በሩን አሳያት።

ነገሩን በልቧ እያላመጠች ወደ ልቅሶው ቤት ወረደች። እንዲህ ያለ ማጥለያ ያለበትን ሰው ጠንክረህ ታሽ የሚል ሐኪም የለም። ስለዚህ መልእክቱን ያደረሰው ሰው ገልብጦታል። አቶ ሽብሩ ደግሞ ያንን ሰው የሚወደኝ ብለው ጠርተውታል። ያ ማንኛውም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚወደውን ሲቆጥር ይሳሳታልና።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልቤቴል እልፍኝ ውስጥ ጥቁር ለብሳ፣ በልቅሶ ሳይሆን በንዴት ዓይኗ ቀልቶ ተቀብላታለች። የነጋዴ ልጅ ናት፤ ዋናው መንገድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። አቶ ሽብሩን ያገባችው የመጀመሪያ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ነው፤ የሰውዬው ዘመዶችም ይህን እንድትረሳ ፈቅደውላት አያውቁም።

«የገደለችውን ይዘሻል። እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ዘነቡ ሳትጋበዝ ተቀመጠች። በብዙ ጥያቄ የተገኘው ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አቶ ሽብሩ ልጃቸውን አማኑን አሳፍረው መኪና ሲነዱ ከመንገድ ወጥተው ዚያድ የሚባል እግረኛ ገጭተው ገደሉ። እሳቸውም ጭናቸው ተሰበረ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥም ደም ፈሰሰ። ተኝተው ሳሉ የእግራቸው ደም ረግቶ ሳንባቸው ገባ። ጭንቅላታቸው እየደማ ደም ማቅጠኛ መስጠት ስለማይቻል አዲስ አበባ ላይ ማጥለያው ገባላቸው። በኋላ ለማስወጣት ተመለሱ ሲባሉ እምቢ አሉ።

«ለምን እምቢ አሉ?»

«ሆዴን አላስቀድድም አለ።» ኤልቤቴል በመዳፏ ሆዷን ከላይ ወደ ታች ሰነጠቀች። «ስንቴ ለመንኩት። በቅርቡ ጀርባውን ሲያመው ሐዋሳ ወስጄ ራጅ አስነሳሁት፤ ምስሉ አዲስ አበባ ላለችው ሐኪም ተላከ። አንድ ቀን ከሱቅ ስገባ ‹ሐኪሟ ደውላ ነበር፣ ታሽ ብላለች› አለኝ። እኔም ሐኪም ካለ ብዬ ተውኩት።»

«ስልኩን ማን አነሳላቸው?»

«እሱ በስልክ አይሰማም። ስልኩ እዚያ መስኮት ላይ ነው የሚውለው፤ የተገኘ ሰው ያነሳዋል። ያን ቀን ገበያ ነበር፤ ሱፍያን ገብቶ ወጥቷል፣ አማኑ ጆንያ ሲያስጭን ነበር። ማን እንዳነሳው አልጠየቅኩም።»

ሌላም ነገር አመለጣት። አቶ ሽብሩ ቅዳሜ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ፊት፣ የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው ተናግረው ነበር። እሷ ከቤት ሊያስወጧት መስሏት እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች። ቀጠሮውን ግን አማኑ፣ የእንጀራ ልጇ፣ አባቴን አሞታል ብሎ ካለፈው ቅዳሜ ወደሚመጣው አዛወረው። «ቢያንስ ይሄን አደረገልኝ» አለች፤ ከዚያም እንድትወጣ በሩን ለማሳየት ተነሳች።

ሱፍያንና አማኑ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሱፍያን የቡና ነጋዴ ነው፤ በመኪና የተገጨው የዚያድ ታላቅ ወንድም። አቶ ሽብሩን ወናጎ ያደረሳቸውም እሱ ነው። ዘነቡ ገና አጠገቡ ሳትደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወንድሜን የገደለውን ሰው መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ወስጄ አስገደልኩት ልትይ ነው የመጣሽው። በይው። ይሄ ሁሉ ሰው ከሰኞ ጀምሮ በሹክሹክታ እያለው ነው።»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም።»

«ጋሽ ሽብሩ ሽማግሌ ይዞ ደጄ ቆመ። ይቅር አልኩት፤ ወላሂ ከልቤ ነው ይቅር ያልኩት። ይቅር ያልኩትን ሰው አልገድልም።»

ዘነቡ ስለ አደጋው እንዲነግራት ጠየቀችው። መኪናዋን ሄዶ እንዳያት ነገራት። የቀኝ በሯ የለም ነበር፤ የመብራት ምሰሶው በሩን ሰብሮ እስከ ወንበሩ ገብቷል፤ ወንድሙም በበሩና በምሰሶው መሃል ነበር። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። ወደ ወናጎ ሲሄዱ አቶ ሽብሩ ብዙ አላወሩም። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት የምነግርህ አለኝ። ከነገርኩህ በኋላ እንደ ዛሬ አብረን አንሄድ ይሆናል» ብለውት ነበር። ምን እንደሆነ ሱፍያን አላወቀም።

«ስልካቸውን ያነሱላቸው ነበር?»

«አንዳንዴ። የሁላችንም ሥራ ነበር። ያን ቀን ግን አላነሳሁም።»

«ብረቱን ለማስወጣት ለምን እምቢ አሉ?»

ሱፍያን ብሽሽቱን መታ አደረገ። «እንደገባበት በዚህ ያወጡልሃል፣ ምን ያስፈራሃል ስንለው ሆዴን ይቀዱኛል ብሎ አስቸገረ።»

አማኑ እስከዚህ ድረስ ብዙ አልተናገረም። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ፣ ለቀስተኛ ሲገባ ተነስቶ ቦታ የሚለቅ ልጅ ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ ዘነቡን በክፉ ዓይን ያላየ እሱ ብቻ ነበር። አባቱ ሲሞቱ አሪቻ ላይ እንደነበረ፣ እሸት ቡና እየተቀበለ ሠራተኛው ሁሉ እንዳየው ማንም ሳይጠይቀው ተናግሯል። አሁን ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ በከንቱ ነው የሞተው፣ ኢንስፔክተር። ቢላ አልነበረው፣ ስፌት አልነበረው። በአንዲት መርፌ ቀዳዳ ያልቅ ነበር» አለና ከቀኝ ጆሮው በታች አንገቱን በሁለት ጣቱ ነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሱፍያን ትከሻውን ያዘው።

ዘነቡ አመስግናቸው ወጣች።

አዲስ አበባ ያለችውን ሐኪም፣ ዶክተር እሌኒን፣ በስልክ ያገኘቻት በብዙ ውጣ ውረድ ነው። ዶክተሯ ሞቱን ስትሰማ የታማሚውን ስም ደግማ ጠየቀች። ከዚያ ስትናገር የተቆጣችው በዘነቡ ላይ ይመስል ነበር።

«ምስሉን እንዳየሁ ደወልኩ። በሽተኛውን አልፈለግኩም፤ የቤተሰብ ሰው አቅርቡልኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም ብለን ለዘመድ ነው የምንነግረው፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው። የወንድ ድምፅ ነው። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ ቤተሰብ ነኝ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«እግሩ ወጥቷል፣ ትልቁን የደም ቧንቧ ነክቷል፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጡት። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ ሆዱን ማንም እንዳይጫነው፣ በተለይ ወጌሻ እንዳይነካው አልኩት። እናንተ አገር ሁሉም ወደ ወጌሻ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል። ያልገባው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ደገምኩለት።»

«ሌላ ጠየቀዎት?»

«ሆዱ ይቀደዳል ወይ አለ። አይቀደድም አልኩት። ያስገባነው በብሽሽት ቢሆንም የምናወጣው በአንገት ነው። በቀኝ አንገቱ በኩል በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይወርዳል፤ ማጥለያው አናቱ ላይ መንጠቆ አለው፤ በገመድ ቀለበት መንጠቆውን ይዘን፣ እንደ ጃንጥላ አጥፈን ቱቦው ውስጥ ስበን እናወጣዋለን። እግሩ ስለወጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ግን ይወጣል አልኩት። ስናስገባለት ይሄን አላስረዳናቸውም ነበር፤ ያን ጊዜ የሚያጣድፈው ሌላ ነበር።» ቀጥላም፣ ጆሮው ቢከብድም ጮኻ ለራሱ ለሽብሩ መንገር እንደነበረባት ተናገረች። ዘነቡ ልታጽናናት አልሞከረችም።

በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ዘነቡ መሰለችን ይዛ ገባች። ካቴናውን በሩ ላይ ፈትታላታለች። የተነሳው ጩኸት ሙሾ የሚያስቆም ነበር። ኤልቤቴል ዘላ የወጌሻዋን ነጠላ ያዘች፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፖሊስ በልቅሶ ቤት እንዲህ ማድረጉ ነውር መሆኑን ጮኾ ተናገረ፤ ኮማንደር ወልደዮሐንስ ራሱ ከወንበሩ ተነስቶ በዓይኑ አስፈራራት። ዘነቡ ጩኸቱ እስኪደክም ቆመች። ከዚያ ጠርሙሷን ከቦርሳዋ አውጥታ መሃል ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት።

«አቶ ሽብሩን የገደለው ይሄ ነው» አለች። «የተጫነችው እሷ ናት፤ አልካደችም። ግን ምን እንደምትጫን አላወቀችም። የሚያውቅ ሰው ላካቸው።»

ከዚያ ረጋ ብላ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሐኪሟ መደወሏን፣ አንድ ወንድ ማንሳቱን፣ ሆዱ እንዳይነካ መባሉን። ያ ሰው ስልኩን ዘግቶ ወደ አቶ ሽብሩ ጆሮ ጎንበስ ብሎ የተነገረውን ገልብጦ ጮኸላቸው፤ ታሽ ብላለች፣ ጠንከር ተደርጎ። ሐኪሟ አታድርጉ ያለችውን ሁሉ አድርጉ አደረገው። ራሱ አሪቻም ይሁን ሌላ ቦታ ቢሆን ግድ የለውም፤ እጁ እዚያ አያስፈልግም ነበር።

ሁሉም ዓይን ወደ ሱፍያን ዞረ። ሱፍያን ተነስቶ ቆመ።

«ይቀመጡ» አለችው ዘነቡ። «ይህን ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ብረቱ ቢወጣ ኖሮ በየት ይወጣል ብላችሁ ነበር? ወይዘሮ ኤልቤቴል?»

«ሆዱ ተቀዶ ነዋ።»

«አቶ ሱፍያን?»

«በብሽሽቱ አልኩሽ።»

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ሟቹም ተሳስተው ነበር፤ እምቢ ያሉትም ለዚህ ነው። የሚወጣው በአንገት ነው፤ በቀኝ በኩል፣ በመርፌ ቀዳዳ። ዶክተሯ ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስልኩን ላነሳው። አማኑ፣ ትናንት ይሄን ስትነግረኝ ጣትህ የት ነበር?»

ሱፍያን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ትናንት የዳበሰውን ትከሻ አየ፣ ከዚያ አንገቱን አየ።

«አዲስ አበባ ሲያስገቡለት ሰምቼ ይሆናል» አለ አማኑ በመጨረሻ።

«አዲስ አበባ አብሬው የከረምኩ እኔ ነኝ» አለች ኤልቤቴል። ድምፏ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ንዴቷን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር። «አንተ አንድ ቀን አልመጣህም። አንገት የሚል ነገርም እኔ አልሰማሁም።»

«ለምን ይገድለዋል?» አለ ኮማንደሩ። «አባቱን?»

«የአቶ ሽብሩ የተሰበረው ቀኝ ጭናቸው ነው። ምሰሶው የገባው በቀኝ በር ነው። መሪው ደግሞ በግራ ነው» አለች ዘነቡ። «ሰው ተሯሩጦ ስላወጣቸው ማን ከየትኛው ወንበር እንደወጣ የጠየቀ የለም። እኔ ነኝ የነዳሁት አሉ፤ ታመኑ። ቅዳሜ ግን ሶንጎ ፊት ሊናገሩ ነበር። ቀጠሮውን ማን እንዳዛወረው ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሱፍያን ወደ አማኑ ተጠጋ። ማንም አልያዘውም፤ እሱም እጁን አላነሳም።

«ዚያድን የገጨው ማን ነው?» አለ።

አማኑ ሲናገር ያ ለስላሳ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ራሱ ነው እኔ ነዳሁ ያለው። አንተ ልጅ ነህ፣ እኔን ይቅር ይሉኛል አለ። እኔ አልለመንኩትም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሱ ስም ኖርኩ፤ ማግባቴ ነው፣ ሰው ልሆን ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ሕሊናዬ አላስተኛ አለኝ ይላል። የሱ ሕሊና! የሚታሰረው እኔ። ለሱፍያን ወንድሞች የሚሰጠው እኔ። እኔ አልገደልኩትም፣ እጄ አልነካውም። ስልክ ነው ያነሳሁት።»

እስካሁን አንድ ቃል ያልወጣት መሰለች ከዘነቡ ጎን ወደ ፊት ወጣ አለች። የሟቹን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ፊቷ ላይ ርኅራኄ አልነበረም።

«ማን ነገረህ ብዬ ጠይቄው ነበር» አለች። «‹የሚወደኝ ሰው› ነው ያለኝ። ስምህን አልጠራም።»

አማኑ ወደ ኋላው ወንበር ፈለገ። ወንበሩን ሳያገኝ ተቀመጠ፤ ወደቀ ማለት ይቀላል። ሁለት ፖሊሶች ሲያነሱት እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ፤ ለማን እንደሆነ ግን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ አልታወቀም። ኤልቤቴል የወጌሻዋን ነጠላ እስካሁን ይዛ እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው። ለቀቀችው፣ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም።

ዘነቡ ከግቢው ውጭ አማኑን የያዘው መኪና ሲሄድ ቆማ አየች። ኮማንደሩ አጠገቧ አለፈ፤ ደህና ሠራሽ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ሱፍያን የአጥር ግድግዳውን ተደግፎ ነበር።

«ይቅር ያልኩት ሰው ወንድሜን አልገደለም» አላት። «ጋሽ ሽብሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላደረገውን ይቅር እያልኩት፣ እያየኝ፣ ዝም ብሎ ኖረ። አሁን ይሄኛውን ደግሞ ማን ይቅር ይበለው? እኔ አልችልም። ንገሪያቸው፣ ሽማግሌ እንዳይልኩብኝ።»

ዘነቡ እንደምትነግራቸው ነገረችው።

መሰለች በሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ወደ ወናጎ የሚያደርሳት መኪና የለም፤ የባጃጅ ሹፌሮቹ ፊቷን እያዩ ያልፋሉ። በአጠገቧ ስታልፍ ሳታስበው የዘነቡን የግራ ክንድ ያዘችና ክርኗን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄን የጠገነው እጅ የለውም» አለች።

ዘነቡ ክንዷን ነጠቀቻት። ምስጋና ከአንዷም አፍ አልወጣም።

ሱፍያን ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «እኔ አደርሳታለሁ» አለ። «ያን ቀንም ወደዚያው የወሰድኩት እኔ ነኝ።» የመኪናውን የቀኝ የፊት በር ከፈተላት። አሮጊቷ ወንበሩን ለአፍታ አየችውና ገባች። ሱፍያን በሩን ዘግቶ ዞሮ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ መኪናው በዋናው መንገድ ወደ ወናጎ ወጣ።